ዓሣ በመሐላው ውስጥ አልነበረም

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ለማሳመን ብዬ ግን አልምልላችሁም። አንድ ጊዜ ምዬ ምን እንደሆንኩ ስታነቡ ለምን እንደማልምል ይገባችኋል።

ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይ እየሞቀ፣ ባጃጁ እየጮኸ፣ ሰው ሁሉ በየሥራው ላይ እያለ ነው የጀመረው። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ... እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ስሜ ምሥራቅ ይባላል። ከከብት ገበያው አጠገብ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ። የበግ ትል፣ የላም ጡት ሕመም፣ የበሬ መዥገር... ሥራዬ ይኸው ነው። ቁጡ ነኝ፤ ደንበኞቼ ያውቁኛል። መድኃኒቱን እንደነገርኩት ያልሰጠ ገበሬ እኔ ፊት ከሚቆም ዳኛ ፊት ቢቆም ይመርጣል።

ያን ቀን ጎንበስ ብዬ ካርቶን ስከፍት በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

ቀና አልኩ።

አለበል ነበር።

ወንድሜን የገደለው ሰው።

ታዲዮስ ታናሼ ነበር። ከእኔ ሌላ እህትም ወንድምም አልነበረውም። ከአራት ዓመት በፊት ከባሕር ዳር ለፋሲካ ሲመጣ አውቶቡሱ ደምበጫ ላይ ለእረፍት ቆመ። ታዲዮስ ወርዶ አስፋልቱን ሲሻገር አለበል በአይሱዙ ገጨው።

ከዚያ አሥር ደቂቃ በፊት ደውሎልኝ ነበር።

"ብዙ አላወራም፤ የያዝኩት ነገር እንዳይፈስብኝ" አለኝ እየሳቀ።

"ምን ይዘህ ነው?"

"ላንቺ ነው። ስደርስ ታይዋለሽ።"

በኋላ ጫማውን፣ ስልኩንና ቦርሳውን አመጡልን። የሚፈስ ነገር ግን አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ምን ነበር የያዘው እያልኩ ኖሬያለሁ።

አለበል ስምንት ወር ታስሮ ወጣ። ከዚያ ሽማግሌ ላከ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። እናቴ ወለተ ሐዋርያት ግን እጄን ይዛ "አንዱን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን በቂም እንዳላጣሽ" ስትለኝ ተሸነፍኩ።

ቄስ አምደሚካኤል መስቀሉን ዘርግተው አስማሉኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"በእሱ፣ በቤተሰቡ፣ በከብቱ፣ በአዝመራው እጄን ባነሳ... ውስጤን ትል ይብላው።"

መስቀሉን ሳምኩ። እናቴም ከእኔ ቀጥላ ሳመች። ልቤ ግን ይቅር አላለም። አንዲትም ቀን ይቅር ብዬው አላውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የመድኃኒት ቤቴ በር ላይ የቆመው።

"ደህና ዋሉ?" አለኝ በዝግታ።

በዕድሜ አባቴን ያህላል። ከእርቁ ቀን ጀምሮ ግን አንቱ ይለኛል። እኔም በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ የምለውን እዚህ አልጽፈውም።

"ምን ፈለጉ?"

"ዓሦች ታመውብኝ ነው።"

"ምን?"

"ዓሣ... በመስታወት ገንዳ የማኖራቸው። አራት ናቸው።"

ከኮቱ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ውሃው ውስጥ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ነበር። ተጠመዘዘ... ተዘረጋ... መልሶ ተጠመዘዘ።

"ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ" አለ። "ሆዳቸው ገብቶ ጀርባቸው ሹል ሆኗል። ኩሳቸው ነጭ ክር ነው። አሁን ደግሞ ይሄ ቀዩ ከበስተኋላቸው ወጥቶ ይንጠለጠላል።"

"የሆድ ትል ነው።"

"ይድናሉ?"

ጠርሙሱን አንስቼ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት።

"ይርዱኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቤቴ ውስጥ ከእነሱ ሌላ የሚተነፍስ ነገር የለም።"

ይህን ባይለኝ ኖሮ ምናልባት መድኃኒቱን ሰጥቼ እሸኘው ነበር። ምናልባት።

የዓሣ ትል ሕክምና አውቃለሁ። ታዲዮስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለ መስታወት በሲሊኮን አጣብቆ ገንዳ ሠርቶ ነበር። ዓሦቹ ትል ሲይዛቸው የበጉን የትል መድኃኒት፣ ሌቫሚዞልን፣ በሲሪንጅ እየለካሁ ያዳንኳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ብርሃን ስለሚያበላሸው ገንዳው አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይሸፈናል። ምግብም አይሰጥም። መድኃኒቱ ትሉን አይገድለውም፤ ያደነዝዘውና ዓሣው ያወጣዋል። ከዚያ ከሥር በቱቦ መጥጦ ማውጣት ነው፤ አለዚያ ዓሣው መልሶ ይበላዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለአዲስ ለተፈለፈለው ይደገማል።

ሌቫሚዞሉ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።

እኔ ግን መሐላውን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነበር።

እሱ... ቤተሰቡ... ከብቱ... አዝመራው...

ዓሣ አልተባለም።

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ደስ አለኝ።

"ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ" አልኩት። "እኔው በእጄ አደርግልዎታለሁ።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ።

ከባንኮኒው ሥር ብርብራ ነበረኝ። ከቁይ የመጣ አንድ ገበሬ "ለመዥገር ካንቺ መድኃኒት ይሄ ይሻላል" ብሎ ተከራክሮኝ ጥሎልኝ የሄደ ነው። ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ብርብራን ያውቀዋል። የዛፉ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይታፈንና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሰውን አይነካም፣ ከብትን አይነካም ይባላል።

ስለዚህ መሐላዬንም አይነካም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ወቀጥኩት። ነፋሁት። በመድኃኒት ወረቀት ጠቀለልኩት።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ደረስኩ።

አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ግድግዳው ላይ ሥዕልም ፎቶም የለም። ገንዳው ከአልጋው ራስጌ ነው የተቀመጠው፤ በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። አጠገቡ አፉ የተቆረጠ አሮጌ ቢጫ ጀሪካን አለ። ባዶ ነው፤ ግን ታጥቦ ተወልውሏል።

"ይሄን ለምን አይጥሉትም?" አልኩት።

"አልጥለውም" አለ።

ነጠላውን ገለጠው።

አራቱም ብርቱካንማ ናቸው። ትልቆች፣ ግን ከሲታዎች። አንዱ የግራ ዓይኑ የለም፤ ቦታው ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ከድንጋዮቹ ኋላ ተሸጉጠው በድካም ይተነፍሳሉ።

"ሰው አይወዱም" አለኝ እያንሾካሾከ። "እኔ እንኳ ስመግባቸው ካልራቅሁ አይወጡም።"

ገንዳውን ሳይ እጄ የለመደውን አደረገ። ታዲዮስ ሊመግባቸው ሲል መስታወቱን በጥፍሩ ሦስቴ ያንኳኳ ነበር። እኔም ሳላስበው አንኳኳሁ።

ቷ... ቷ... ቷ።

አራቱም ዞሩ።

መጡ። በአንድ መስመር ተሰልፈው መጡና አፋቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ቆሙ። እኔን እያዩ።

አለበል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"እንደዚህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም" አለ። "በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ..."

"ከየት አመጧቸው?"

ጀሪካኑን አየ። እኔን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

"ሲድኑ እነግርዎታለሁ" አለ። "መጀመሪያ ይዳኑ።"

መጠየቅ ነበረብኝ። የዚያን ጊዜ ደጋግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ብርብራው እጄ ላይ ነበር፣ ልቤም ቸኩሎ ነበር።

ወረቀቱን ፈታሁት። አለበል አፍንጫውን ወደ ዱቄቱ ጠጋ አደረገ። ለአፍታ እስትንፋሱን ያዘ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ቆየ።

"ይጨምሩት" አለ በመጨረሻ። "እርስዎ ይጨምሩት፤ በእርስዎ እጅ ይሁን።"

በተንኩት። ዓሦቹ ምግብ መስሏቸው አፋቸውን ከፍተው ወደ እጄ ወጡ። አንድ ዓይናው ጣቴን በከንፈሩ ነካው።

ነጠላውን መልሼ ሸፈንኩ።

"እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እንዳይከፍቱ" አልኩት። ደረቅ የሐኪም ድምፅ ነበር ያወጣሁት።

ለመውጣት ስዞር ሰማሁት።

ቷ... ቷ... ቷ።

ከነጠላው ሥር። ከውስጥ።

"ሰሙ?" አልኩት።

"ምኑን?"

ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ ጆሮዬ ነው አልኩ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተመለስኩ። ሲያለቅስ ለማየት ነው የሄድኩት። እናቴ ያለቀሰችውን ያህል ሲያለቅስ ለማየት።

አለበል ልብሱን ሳይቀይር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከትናንት ጀምሮ የተነሣ አይመስልም።

"ይግለጡት" አለኝ።

ገለጥኩት።

ሞተዋል።

ግን አልተንሳፈፉም። በብርብራ የሞተ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ በልጅነቴ ስንቱን አይቻለሁ። እነዚህ ቀጥ ብለው፣ በአንድ መስመር፣ አፋቸውን መስታወቱ ላይ እንደለጠፉ ነው የሞቱት። ትናንት እኔ ቆሜ በነበረበት በኩል።

ትሎቹ ወጥተዋል። ከሥር ጠጠሩ ላይ ቀይ ክር በቀይ ክር ሆኗል። እነሱ አልሞቱም። ሁሉም ራሳቸውን ወደ እኔ አዙረው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ።

አለበል አላለቀሰም። ከአልጋው ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

"ይሄ የእርስዎ ነው።"

ፈታሁት። የደረቀ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ አፉ በጫማ ማሰሪያ የታሰረ። ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል።

የፊደሉን አጣጣል አውቀዋለሁ። የትም ባየው አውቀዋለሁ።

"ለምሥራቅዬ። በቀን ሁለቴ ብቻ አብያቸው።"

የያዝኩት ነገር እንዳይፈስብኝ...

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አስፋልቱ ላይ ወድቆ ሳለ ላስቲኩ እያፈሰሰ ነበር" አለ አለበል። ድምፁ ላይ ምንም ስሜት የለም፤ ዝም ብሎ ይናገራል። "ወንድምዎ ገና ነፍሱ አልወጣችም። መናገር አልቻለም። በእጁ ዓሦቹን አሳየኝ። ከመኪናዬ ጀሪካን አውጥቼ ቆረጥኩና ገለበጥኳቸው። ከዚያ እሱ አስፋልቱን በጥፍሩ ሦስቴ መታ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ትናንት አላወቅሁም።"

"ለምን..." ላስቲኩን ወደ እሱ ዘረጋሁ። "ለምን አልሰጡኝም?"

"ስታሰር እህቴ በርሜል ውስጥ አቆየችልኝ። ምሥራቅ ማን እንደሆነች ያወቅሁት እርስዎ በስምዎ ተጠርተው መስቀሉን ሲስሙ ነው። ያኔ ላመጣልዎት ነበር፤ አንዱ ታመመብኝ። የታመመ ይዤ እንዴት እመጣለሁ? ሲድን እያልኩ... ሲወፍር እያልኩ... ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። አሁን ሁሉም ሲታመሙ ግን ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። አድነውልኝ፣ ድነው ሳያቸው፣ ይውሰዷቸው ልል ነበር።"

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አልኩ። "መድኃኒት አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት" አለ። "የብርብራ ሽታ አይጠፋኝም።"

"ታዲያ ለምን አላስቆሙኝም?"

"የእርስዎ ናቸው" አለ። "በራስዎ ዓሣ ምን አገባኝ?"

ከዚያ ፈገግ አለ። ካወቅሁት ጀምሮ ፈገግ ሲል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ክፋት ይሁን ድካም እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አሁን እኩል ሆንን፣ እህቴ" አለኝ።

እጄን እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ አስገብቼ አራቱን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ቀይ ክሮቹ እጄን ሲነኩት ተሰማኝ። አልሸሹም። ዓሦቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወስጄ ጓሯችን ውስጥ ቀበርኳቸው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አታውቅም። እሷን የምታውቁ ካላችሁ አደራ፣ ከእናንተ እንዳትሰማ።

በሳምንቱ አለበል ከተማውን ለቀቀ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አንድ ባጃጅ ነጂ ገንዳውን አምጥቶ መድኃኒት ቤቴ በር ላይ አወረደው። ባዶ ነው። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ደርቋል። ልጥለው ፈልጌ ነበር፤ ግን አለበል ጀሪካኑን ለምን እንዳልጣለ ያኔ ገባኝ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ መክሳት ጀመርኩ።

እበላለሁ። ከበፊቱ ሁለት እጥፍ እበላለሁ። ቀሚሶቼ ግን ሰፉኝ።

"ምን ሆነሻል ልጄ?" አለችኝ እናቴ ባለፈው እሑድ። "ትበያለሽ፣ ግን ትከሻለሽ።"

ይህን ቃል ከማን አፍ እንደሰማሁት ሳስብ ጉርሻውን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።

ሦስት ቦታ ተመረመርኩ። "ምንም የለም፤ ትልም የትል እንቁላልም የለም" አሉኝ። አላመንኳቸውም። የሰው የትል መድኃኒት ወሰድኩ። ኮሶ ጠጣሁ፣ ሁለት ጊዜ። የወጣ ነገር የለም።

ትናንት ወደ ቄስ አምደሚካኤል ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ዓሣ በመሐላው ውስጥ አልነበረም፣ አባ" አልኳቸው። እንደ ሕፃን ነበር የምከራከረው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "መሐላው ያሰረው ልብሽን ነበር። ልብሽ ደግሞ ያን ቀን የት ነበር?"

ንስሐ ሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት ጀምሬዋለሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከውጭ ባጃጅ ይጮኻል። አንድ ገበሬ በጉን እየጎተተ በሩ ፊት አለፈ። ሰዓቱን አየሁ።

ዘጠኝ ሆኗል።

አሁን ሰማሁት።

ቷ... ቷ... ቷ።

ወደ ገንዳው ዞርኩ፤ ከዚያ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እጄን ከጎድን አጥንቴ ሥር አደረግሁ።

ቷ... ቷ... ቷ።

መዳፌ ሥር ነው። እንደ ጥፍር። ከውስጥ።

ገንዳው ደረቅ ነው። ውሃ ከነካው ወር አልፎታል። ግን መስታወቱ ላይ፣ በውስጠኛው በኩል፣ ትንሽ ክብ እርጥበት ወጣ። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

አራት ትናንሽ አፎች... በአንድ መስመር... ወደ ወንበሬ ዞረው።

እየቆጠርኩ ሳለ ከእነሱ በላይ አምስተኛው መውጣት ጀመረ።

ይሄኛው የሰው አፍ ያህላል።